አንድ ሚሞሪ ለስንት ጌታ?

ከጥምቀት ወዲህ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ ሚሞሪ ካርድ የሚጠይቁ ናቸው። አያስገርምም። ጥር በጎንደር የታቦትም የሰርግም ወር ነው፤ ያው አንድ ካርድ ጠዋት ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ካሜራ ውስጥ ይውላል፣ ማታ ስልክ ውስጥ ይገባል፣ በማግሥቱ ኮምፒውተር ቤት ይሰካል፣ ሳምንት ሳይሞላው ባጃጅ ቴፕ ላይ ይገኛል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ዙረት ነው።

ጥያቄ፦ እንደምን ከረማችሁ። ወንድሜ ሰርግ የሚቀርጽበትን 64 ጊጋ ሚሞሪ ሰጠኝና መዝሙርና ዘፈን ጫንሁበት። ላፕቶፕ ላይ ይሠራል፣ ስልኬም ያነበዋል፤ የባጃጁ ቴፕ ግን «ኖ ፋይል» ይላል። ፎርማት አድርገው ቢሉኝ ሁለት ጊዜ አደረግሁት፣ ያው ነው። — የባጃጅ ሹፌር፣ አዘዞ

መልስ፦ ካርዱም ቴፑም ጤነኛ ናቸው፤ አልተግባቡም እንጂ። ፎርማት ሲደረግ ካርዱ ላይ የፋይሎች መዝገብ ይከፈታል፤ የትኛው ፋይል ከየት ይጀምራል፣ ምን ያህል ቦታ ይዟል የሚለው እዚያ ይሰፍራል። የመዝገቡ አጻጻፍ ግን ከአንድ በላይ ነው። ፋት32 አሮጌው ነው፤ ከባጃጅ ቴፕ እስከ ቴሌቪዥን፣ ከድሮ ካሜራ እስከ አዲስ ላፕቶፕ ሁሉም ያነበዋል። ኤክስፋትን ማይክሮሶፍት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን አዳዲስ ካሜራዎች፣ ስልኮችና ላፕቶፖች ያውቁታል፤ ርካሽ ቴፕ ግን ባብዛኛው አያውቀውም። ሦስተኛው ኤንቲኤፍኤስ ለዊንዶውስ ሀርድ ዲስክ የተሠራ ነው። ካሜራም ቴፕም ስለማያነቡት ሚሞሪ ላይ ባታዩት ይሻላል።

የትኛው መዝገብ እንደሚመጣበት የሚወስነው የካርዱ መጠን ነው። ከ2 ጊጋ በላይ እስከ 32 ጊጋ ያለው «ኤስዲኤችሲ» ይባላል፣ ከፋብሪካ በፋት32 ይወጣል። ከ32 ጊጋ በላይ እስከ 2 ቴራ ያለው «ኤስዲኤክስሲ» ነው፣ በኤክስፋት ይወጣል። ካርዱ ፊት ላይ በትንሹ «ኤችሲ» ወይም «ኤክስሲ» የሚል ምልክት አለ፤ ከመግዛትዎ በፊት እሱን ይዩ። የርስዎ 64 ጊጋ ከሁለተኛው ወገን ነው። ሁለት ጊዜ ፎርማት አድርገውት ያልተለወጠው፣ የዊንዶውስ የፎርማት ሳጥን ከ32 ጊጋ በላይ ለሆነ ካርድ ፋት32ን ስለማያቀርብ ነው። በሁለቱም ጊዜ ኤክስፋትን አንሥተው ያንኑ ኤክስፋት መልሰውበታል።

ግድ በዚሁ ካርድ ከሆነ፣ ሩፈስ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ያውርዱ። መጀመሪያ ካርዱ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ገልብጡ፤ ከዚህ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። ካርዱን በካርድ ሪደር ይሰኩ፤ ሌላ ፍላሽ ተሰክቶ ካለ ይንቀሉ። ሩፈስ ላይ «ዲቫይስ» በሚለው ሥር የርስዎ ካርድ መሆኑን በመጠኑ ያረጋግጡ፣ 64 ጊጋ አካባቢ ይላል። «ቡት ሴሌክሽን» የሚለውን «ኖን ቡታብል» ያድርጉ፣ «ፓርቲሽን ስኪም» ኤምቢአር ይሁን፣ «ፋይል ሲስተም» ላይ ላርጅ ፋት32ን መርጠው «ስታርት» ይበሉ። ኤምቢአሩን አይዝለሉት፤ ካርዱ በሌላው ዘዴ በጂፒቲ ከተከፋፈለ መዝገቡ ፋት32 ቢሆንም ቴፑ ባዶ ነው ይላል። በማክ ኮምፒውተር ፎርማት የተደረጉ ካርዶች ባጃጅ ላይ እምቢ የሚሉት ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው።

እንዲህም ሆኖ አንዳንድ አሮጌ ቴፕ የ«ኤክስሲ» ካርድ ራሱን አይቀበልም። የኛ ምክር ቀላል ነው፦ 64ቱን ለወንድምዎ መልሱለትና 8 ወይም 16 ጊጋ ካርድ ግዙ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ ወደ 1 ሜጋ ይወስዳል፤ 6 ደቂቃ የሚረዝም መዝሙር ቢሆን 8 ጊጋ ላይ ከ1,300 በላይ ይገባል። ከጎንደር ባሕር ዳር ደርሰው ቢመለሱም አይጨርሱትም። ሌላም ነገር ልብ ይበሉ፦ ከስልክ የወረደ ዘፈን ብዙ ጊዜ «ኤም4ኤ» ነው፤ ቴፑ ኤምፒ3 ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ካርዱ ተስተካክሎም «ኖ ፋይል» ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ የሁለት ኩባንያ ሥሪት የሆኑ ሁለት ካሜራዎች አሉን፣ ካርዶቹን እያቀያየርን ነው የምንሠራው። አንዱ ካሜራ የሌላውን ካርድ ሲያይ ዳታቤዝ ላስተካክል እያለ ይጠይቃል። ረጅም ቀረጻ ደግሞ ሦስትና አራት ቦታ ተቆርጦ ይገኛል፤ ሙሽራው «ለምን ተቆረጠ?» ይለናል። — የሰርግ ቪዲዮ ቀራጮች፣ ፒያሳ

መልስ፦ ከመቆራረጡ እንጀምር። ፋት32 4 ጊጋ የሞላ ፋይል መያዝ አይችልም። ካሜራው እዚያ ሲደርስ ፋይሉን ይዘጋና ሌላ ይከፍታል። በ28 ሜጋቢት በሰከንድ የሚቀርጽ ካሜራ 4 ጊጋውን በ20 ደቂቃ ገደማ ይሞላዋል፤ በ50 ሜጋቢት 11 ደቂቃ ያህል፤ በ100 ሜጋቢት 6 ደቂቃ እንኳ አይደርስም። ቁራጮቹን በፋይል ቁጥራቸው ቅደም ተከተል ኤዲቲንግ ላይ አጠጋግታችሁ ደርድሩ፤ ብዙውን ጊዜ ስፌቱ አይታወቅም። እንዳይቆረጥ ከፈለጋችሁ 64 ጊጋ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ካርድ ተጠቀሙ፤ ካሜራው ራሱ በኤክስፋት ፎርማት ያደርገዋል። በኤክስፋትም ላይ የሚቆርጡ ካሜራዎች ስላሉ ከሰርጉ በፊት ሞክሩት። ቀረጻው 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ ጭራሽ የሚቆም ከሆነ ግን ጥፋቱ የካርድ አይደለም፤ ፎቶ ካሜራዎች ለረጅም ዘመን ይህ ገደብ ነበረባቸው።

ስለ መቀያየሩ አቋማችን ጠንካራ ነው፦ አትቀያይሩ። ካሜራ ካርድን ፎርማት ሲያደርግ መዝገብ ከፍቶ አያበቃም፤ «ዲሲአይኤም» የሚባለውን ፎልደርና የራሱን ማውጫ ይሠራል፤ «ዳታቤዝ» የሚላችሁ ይህንኑ ማውጫ ነው። ሌላ ካሜራ ያንን ማውጫ አያውቀውም፤ የራሱን ሌላ ማውጫ ይደርብበታል፣ የፋይል ቁጥር ይዛባል፣ የአንዱን ቀረጻ ሌላው ሳያሳይ ይቀራል። ባዶ መስሏችሁ ፎርማት የምታደርጉትም ያኔ ነው። ካርዶቹ ላይ በማይለቅ እስክሪብቶ 1 እና 2 ብላችሁ ጻፉ፤ 1 ከአንዱ ካሜራ፣ 2 ከሌላው አይወጡ።

ፎርማት የሚደረገው ካርዱ በሚሠራበት ካሜራ ላይ ነው፣ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። ጊዜውም ቀረጻው ሁለት ቦታ ከተገለበጠ በኋላ፣ ከቀጣዩ ሥራ በፊት ነው። አንድ በአንድ ማጥፋት ልማድ አይሁን፤ ፋይል እየበጣጠሰ ካርዱን ያዘገየዋል። ባትሪው ከግማሽ በታች ሳለ ፎርማት አትጀምሩ፣ ቀዩ መብራት እስኪጠፋም በሩን አትክፈቱ። በአንዳንድ ካሜራ ሜኑ ላይ «ሎው ሌቭል ፎርማት» የሚል ምርጫ አለ፤ ካርዱ ሲዘገይ ይረዳል፣ ነገር ግን ያጠፋው ፈጽሞ አይመለስም።

ፎር ኬ የምትቀርጹ ከሆነ «ዩ3» ወይም «ቪ30» የሚል ካርድ ያዙ፤ በሰከንድ ከ30 ሜጋባይት ላለማነስ ቃል የገባ ማለት ነው። «ክላስ 10» የሚለው ቃሉ 10 ብቻ ነው። «ኤ1»፣ «ኤ2» የሚሉት የስልክ አፕሊኬሽን ጉዳይ ናቸው፤ ለካሜራ ብላችሁ ገንዘብ አትጨምሩባቸው።

ጥያቄ፦ ልጆቼ፣ እንዴት ናችሁ። ልጄ ከአዲስ አበባ አዲስ ስልክ ላከልኝ። ከአሮጌው ስልክ ሚሞሪውን አውጥቼ ብከተው ፎርማት ካልተደረገ አላነበውም አለኝ። የልጅ ልጆቼ ፎቶ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። — እናታችሁ፣ ከቅዳሜ ገበያ

መልስ፦ እናታችን፣ «ፎርማት» የሚለውን እንዳይነኩት። አሮጌውን ስልክም ለማንም እንዳይሰጡት፣ «ሪሴት ላድርገው» የሚልዎትም ቢመጣ እምቢ ይበሉ። ቁልፉ ያለው እዚያ ስልክ ውስጥ ነው።

የሆነው እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ብዙ ስልኮች አዲስ ካርድ ሲገባባቸው ሁለት ምርጫ ያቀርባሉ፦ «ፖርተብል» እና «ኢንተርናል»። ፖርተብል ከተባለ ካርዱ እንደ ፍላሽ ነው፣ የትም ይነበባል። ኢንተርናል ከተባለ ስልኩ ካርዱን የራሱ አካል አድርጎ በምስጢር ቁልፍ ይቆልፈዋል፤ ከዚያ ስልክ በቀር ሌላ ስልክም ኮምፒውተርም አያነበውም። አሮጌው ስልክ በፋብሪካው ሪሴት ከተደረገ ቁልፉ ይጠፋል፣ ፎቶውም አብሮ። የትኛውም ባለሙያ አይመልሰውም።

ካርዱን አሮጌው ስልክ ውስጥ መልሰው ይክተቱትና ያብሩት፤ ፎቶዎቹ ከታዩ ነገሩ አልቋል። ከቤት ልጅ ላፕቶፕ ያለው ካለ ስልኩን በኬብል ያገናኝና ፎቶዎቹን ይገልብጥልዎት፤ ከካርዱ ሳይሆን ከስልኩ። መገልበጡን ከፍቶ ካየ በኋላ እዚያው አሮጌው ስልክ ላይ፦ ሴቲንግ፣ ስቶሬጅ፣ የካርዱ ስም፣ ከላይ ያሉት ሦስት ነጥቦች፣ «ፎርማት አዝ ፖርተብል»። ስልኩ በአማርኛ ከሆነ ሴቲንጉ «ቅንብሮች»፣ ስቶሬጁ «ማከማቻ» ነው የሚባለው። ከዚያ ፎቶዎቹ ወደ ካርዱ ይመለሳሉ፣ ካርዱም ያለ ጥያቄ አዲሱ ስልክ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ የጥምቀትን ፎቶ በካሜራ አንስቼ ሳልገለብጥ ፎርማት አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ሁለት ፎቶ ብቻ ነው ያነሳሁት። ይመለሳል? — ተማሪ እህታችሁ፣ ማራኪ

መልስ፦ እህታችን፣ አብዛኛው ሳይመለስ አይቀርም፣ ካርዱን አሁኑኑ ካወጣሽው። ተራ ፎርማት መዝገቡን ነው የሚያጠፋው፤ ፎቶዎቹ አዲስ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ካሉበት አይነቃነቁም። ሁለቱ አዳዲስ ፎቶዎች ካርዱ ላይ ያረፉበትን ቦታ ግን ወስደዋል።

ካርዱ በአካሉ ትልቁ ዓይነት ከሆነ ወይም ትንሹን ካርድ በአዳፕተር (ትንሹ በሚገባበት ትልቅ ቅርፊት) የምትጠቀሚ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለችውን ቁልፍ ወደ «ሎክ» አንሸራትቻት፤ ኮምፒውተሩ ሳያስበው እንዳይጽፍበት ነው። ፎቶሬክ ነጻ ፕሮግራም ነው፤ «ኪውፎቶሬክ» የሚለው ዓይነቱ በመስኮት ስለሚሠራ ይቀላል። ካርዱን ምረጪ፣ ከዚያ የሚገኘው የሚቀመጥበትን ቦታ ላፕቶፑ ላይ አድርጊ። ካርዱ ላይ መልሰሽ አታስቀምጪ፤ የሚፈለገውን በሚገኘው ትቀብሪዋለሽ። 32 ጊጋ ካርድ ለማጣራት ጊዜ ስለሚፈጅ ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው፤ መብራት እንደሁ አይታመንም።

ፎቶዎቹ ሲመለሱ የቀድሞ ስማቸውን አይዙም፣ በቁጥር ብቻ ይመጣሉ። ቪዲዮ ግን ያስቸግራል፤ ረጅም ፋይል ካርዱ ላይ ተበታትኖ ከተጻፈ ቁራጮቹ ተመልሰውም ላይከፈት ይችላል። ኮምፒውተር ቤት ለማሠራት ከወሰድሽው «ፎርማት ሳታደርጉ» ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

ጥያቄ፦ ካርዴ ፎርማት አልሆን አለ፤ «ራይት ፕሮቴክትድ» ይላል። — ከአራዳ

መልስ፦ ሦስት ምክንያት አለው፤ ከቀላሉ ጀምረው ያጣሩ። አንደኛ፣ የአዳፕተሩ ቁልፍ። ወደ ወርቃማዎቹ ነጥቦች አቅጣጫ ሲገፋ ክፍት ነው። ቁልፏ ተሰብራ ከወደቀችም ማሽኑ እንደተቆለፈ ይቆጥረዋል፤ ቁልፏ የነበረችበትን ጉድጓድ ብቻ በስስ ስኮች ይሸፍኑ፣ ነጥቦቹን እንዳይነካ። አዳፕተር ርካሽ ስለሆነ ከመጠገን መለወጥ ይሻላል። ሁለተኛ፣ ካርድ ሪደሩ። በሌላ ሪደር ይሞክሩ።

ሦስተኛው አሳዛኙ ነው። ፋይል አጥፍተው፣ ካርዱን ነቅለው ሲመልሱት ፋይሉ እንደገና ካለ፣ ወይም ፎርማቱ «ተሳክቷል» ብሎ የድሮው ሁሉ ተመልሶ ከተገኘ፣ ካርዱ አልቋል። የመጻፍ ዕድሜው ሲያልቅ ራሱን ለማንበብ ብቻ ይዘጋል። የትኛውም ፕሮግራም አይከፍተውም፤ «እከፍትልሃለሁ» ለሚል ሰው ብር አይስጡ። መዘጋቱ ውለታ ነው እንጂ ክፋት አይደለም፤ ውስጥ ያለውን ገልብጠው ይጣሉት።

ፎርማት ሆኖ የሚያስቸግርዎ ካርድ ከሆነ ግን የዊንዶውሱን ሳጥን ትተው ካርድ ሠሪዎቹ ማኅበር ያወጣውን «ኤስዲ ሜሞሪ ካርድ ፎርማተር» ይጠቀሙ። በነጻ ይገኛል፣ ለዊንዶውስም ለማክም አለ፣ ለካርዱ የሚገባውን መዝገብ ራሱ ይመርጣል። «ክዊክ» ለዘወትር ይበቃል። ካርዱን ለሌላ ሰው የሚሰጡ ከሆነ «ኦቨርራይት» ያድርጉ፤ በሰከንድ 20 ሜጋ ለሚጽፍ 64 ጊጋ ካርድ ይህ አንድ ሰዓት ሊሆን ምንም አይቀረውም።

ጥያቄ፦ ከግቢ ውጭ ፕሪንት ላሠራ ካርዴን ሰጥቼ ስመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ፎርማት ላድርገው? — ተማሪ፣ ቴዎድሮስ ግቢ

መልስ፦ ቆይ፣ ፋይሎችህ አሉ። ቫይረሱ ፎልደሮቹን ይደብቅና በስማቸው ሾርትከት ይተካል፤ ሾርትከቱን ስትጫን ቫይረሱን ታስነሳለህ፣ ስለዚህ አትጫን። ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ከፍተህ የተደበቁ ፋይሎች ይታዩ በል፤ ከሥሩ ያለውን «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክትም አንሳ። ብዙዎች ይህን ሁለተኛውን ይረሱና «የለም» ይላሉ። ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ካለ ንብረትህ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ፎልደሩን እንዳለ አትገልብጥ፤ ድብቅነቱ አብሮት ይመጣል። ከፍተህ ውስጡ ያለውን ብቻ ላፕቶፑ ላይ ወደ ፈጠርከው አዲስ ፎልደር ገልብጥ። «ቪቢኤስ» የሚል መጨረሻ ያለውን ፋይል ተው። ከዚያ ካርዱን ፎርማት አድርግ።

የራስህ ላፕቶፕ ከተያዘ ግን እሱ በአንቲቫይረስ ሳይጸዳ ካርዱን አሥር ጊዜ ፎርማት ብታደርገው፣ በሰካኸው ቁጥር መልሶ ያስይዘዋል። ለፕሪንት ደግሞ የዳር መቆለፊያው በ«ሎክ» ላይ ያለ አዳፕተር ይዘህ ሂድ።

ጥያቄ፦ 64 ጊጋ ገዝቼ 59.6 ነው የሚያሳየው። ተሸወድኩ? — ከአዘዞ

መልስ፦ አልተሸወዱም። ፋብሪካው ጊጋን በ1,000 ያባዛል፣ ዊንዶውስ በ1,024። 32 ጊጋ 29.8፣ 128 ጊጋ 119.2 አካባቢ ይላል።

የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፦ 1 ቴራ ተብሎ በ32 ጊጋ ዋጋ የሚሸጥ። ውስጡ 8 ወይም 16 ጊጋ ሆኖ ትልቅ ነኝ እንዲል የተደረገ ካርድ አለ። እስኪሞላ ድረስ ይሠራል፤ ከእውነተኛው መጠን ካለፈ በኋላ የሚጻፈው ፋይል ስሙ ይታያል፣ ሲከፈት ግን የለም። ፎርማት ቢያደርጉት ውሸቱን ይደግመዋል እንጂ አይናዘዝም። ሲገዙ በዊንዶውስ ላይ «ኤች2ቴስትደብሊው» በሚባለው ፕሮግራም ይሞክሩት፤ ካርዱን እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ያነበዋል። 64 ጊጋ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ ሱቁ በር ላይ የሚደረግ አይደለም። ካልሆነ እመልሳለሁ ብለው ተስማምተው፣ ደረሰኝ ይዘው ይግዙ።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤታችንን መዝሙሮች ከ1 እስከ 40 ቁጥር ሰጥተን ለመኪና ቴፕ ጫንን። ቴፑ 17ን መጀመሪያ ያጫውታል፣ 10 ሁለተኛ ይመጣል። ከፊሉ ስሙም በጥያቄ ምልክት ይታያል። — ከመዘምራን አንዱ

መልስ፦ ብዙ ቴፖች ስም አያነቡም፤ ፋይሎቹ ካርዱ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው የሚያጫውቱት። መጀመሪያ የተገለበጠው መጀመሪያ ይዘመራል። ከፊሉን ስታጠፉና ሌላ ስትተኩ ደግሞ አዲሱ በጠፋው ቦታ ይገባና ተራው ይበልጥ ይዘባረቃል።

ካርዱን በፋት32 ፎርማት አድርጉት፤ ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ላፕቶፑ ላይ ስሞቹን 01፣ 02 እያላችሁ በሁለት አሃዝ ጀምሯቸው፣ አለዚያ በስም የሚደረድር ቴፕ 10ን ከ2 ያስቀድማል። በስም ደርድሯቸው፣ ሁሉንም ምረጡ፣ ስትጎትቱ መዳፊቱን 01 ላይ አድርጋችሁ ጎትቱ፤ የያዛችሁት ፋይል ነው መጀመሪያ የሚገለበጠው። አሁንም ካመለጠ አንድ በአንድ በተራ ገልብጡ፤ 40 መዝሙር ብዙ አይደለም። የጥያቄ ምልክቱ የመጣው ቴፑ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው ነው። የፋይሉን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት፤ ፋይሉ ላይ ቀኝ ጫን ብላችሁ በ«ፕሮፐርቲስ» ሥር «ዲቴይልስ» ውስጥ ያለውን «ታይትል»ም እንዲሁ፤ አንዳንድ ቴፕ የሚያሳየው የፋይሉን ስም ሳይሆን እሱን ነው።